ለጠራሽ ሁሉ «መጣሁ» አትበዪ

ሂራኡራ ወደምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር በአስተማሪነት የተመደብኩት በሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት ይባላል እንጂ ተማሪዎቹ በጠቅላላ ስድስት ነበሩ፤ ከርዕሰ መምህሩ ከኩዋባራና ከእኔ በቀር አስተማሪም አልነበረውም። ሕንፃው ዳገት ላይ ነው። ከበሩ ሥር የድንጋይ ደረጃ ወደ መንደሩ ይወርዳል። ከመንደሩ ቀጥሎ የጀልባ ማሰሪያው፣ ከዚያ ቀጥሎ ባሕሩ። ሰኔ ሲገባ ጉሙ ከባሕሩ ተነሥቶ ደረጃውን እንደ ሰው እየተራመደ ይወጣና ከሰዓት በኋላ መስኮታችን ላይ ይደርሳል። የመንደሩ ሰዎች በዚያ ወር ልብስ ውጭ አያሰጡም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አያደርጉም። የመጀመሪያውን ምክንያት ነገሩኝ። ሁለተኛውን አልጠየቅኩም።

የማስተምረው ሁሉንም ነበር፤ የሚያስቸግረኝ ግን እንግሊዝኛው ነው። ልጆቹ ‹ካም›ን እና ‹ጎ›ን ይቀላቅሉብኛል። ‹ካም› መምጣት፣ ‹ጎ› መሄድ ነው ብሎ ማስተማር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጭንቁ የሚመጣው ሰው ሲጠራ ነው። በእኛ አገር ቋንቋ እናት ከማድቤት «ራት ደርሷል!» ብላ ስትጣራ፣ ልጁ ካለበት ሆኖ «እሄዳለሁ!» ብሎ ነው የሚመልሰው። እኔ እዚህ ነኝ፣ አንቺ እዚያ ነሽ፣ ስለዚህ ወዳንቺ እሄዳለሁ ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው ይገለብጠውና «መጣሁ!» ይላል። እዚያ አገር «እሄዳለሁ» ብሎ የመለሰ ልጅ ራቱን ትቶ ከቤት እንደወጣ ነው የሚቆጠረው።

ይህን ላስረዳ ብዬ አንድ ቀን ስድስቱንም ወደ ስፖርት አዳራሹ ወሰድኳቸው። የመዝለያ ገመድ ወለሉ ላይ አክብቤ ዘረጋሁና መሀሉ ቆምኩ።

«ይኼ የጠሪው ቦታ ነው። ወደዚህ ክብ የሚመጣ ሁሉ ‹ካም› ነው። ከክቡ የሚርቅ ሁሉ ‹ጎ› ነው። አሁን እጠራችኋለሁ፤ ‹አይም ካሚንግ› እያላችሁ ትገባላችሁ። ገባችሁ?»

«ቲቸር፣» አለ ዮሄይ፣ ከክፍሉ ወፍራሙና አፈኛው፤ «እኔ ግን ራት ከሆነ በየትኛውም ቋንቋ እሮጣለሁ።»

«አንተ ሆዳም!» አለችው ካናሜ። «አንተማ ሳትጠራ ነው የምትደርሰው።»

ሁሉም ሳቁ። ካናሜ አሥር ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ አጭር፣ ስታስብ የሹራቧን እጅጌ የምታኝክ ልጅ። እናቷ ከዓመታት በፊት ወደ ከተማ ሄዳ አልተመለሰችም። አባቷ ዳይጎ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ቀረ። ጀልባው ተገኝቷል፤ ሞተሩ እየሠራ፣ የተገመሰ ምሳው እንዳለ። እሱ ግን አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አያቷ እማማ ታትሱ ናቸው የሚያሳድጓት። እንዲያም ሆኖ ካናሜ በክፍሉ ውስጥ ደህና የምትስቅ ልጅ ነበረች።

ጨዋታው አልቆ ገመዱን ስጠቀልል እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የጠራኝ ሰው የት እንዳለ ባላውቅስ? ‹ካም› ነው ‹ጎ›?»

«ብታውቂም ባታውቂም ‹አይም ካሚንግ› ነው።»

«ባላየውም?»

«ባታዪውም። ዋናው አንቺ የምታዪው አይደለም። ‹መጣሁ› ስትዪ፣ በጠሪው ቦታ ላይ ቆመሽ በእሱ ዓይን ራስሽን ስትመጪ እያየሽ ነው።»

እጅጌዋን እያኘከች አሰበችበት። «በእሱ ዓይን፣» አለች ቀስ ብላ። እኔም እንዲህ አሳምሬ ማስረዳቴ ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮ ገባሁ።

ከሳምንት በኋላ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖታል። ካናሜ በድንገት ከወንበሯ ተነሣች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጥርት ባለ ድምፅ፣

«አይም ካሚንግ!» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ማን ነው የጠራሽ?» አለ ዮሄይ። «የእንግሊዝ ንጉሥ?»

«አባዬ ነው፤» አለችና ተቀመጠች። እርሳሷን አንሥታ ክፍልፋዩን ከቆመችበት ቀጠለች።

ሳቁ እንደ ተቆረጠ ክር ቆመ። ዮሄይ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ኋላ ለብቻዋ ጠርቼ ስጠይቃት፣ ድምፁ የሚመጣው ወደቡ ላይ ካለው ማጉያ ነው አለችኝ።

መንደሩ ውስጥ አራት የድምፅ ማጉያ ምሰሶዎች ነበሩ። የመሬት መንቀጥቀጥ ሲሆን፣ ማዕበል ሲያሰጋ፣ ሽማግሌ ሰው ቤቱ ሲጠፋበት ከከተማው ጽሕፈት ቤት በእነሱ ይነገራል፤ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጆች ወደ ቤት እንዲገቡ ዜማ ይለቀቅባቸዋል። በስምንት ሰዓት ግን ምንም የለም። እኔም ምንም አልሰማሁም ነበር።

«ምን ይልሻል?»

«‹ካናሜ› ይላል። ከዚያ ‹ነይ› ይላል። ሌላ ምንም አይል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አባዬ ከቀረ ጀምሮ፤» አለች፣ እንደ ተራ ነገር። «ድሮ ግን ‹እሄዳለሁ› ነበር የምለው። ትክክሉ ምን እንደሆነ አሁን ነው ያወቅኩት።»

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ለመጸዳጃ ብላ ወጣችና ቆየች። ደረጃው አናት ላይ ቆማ አገኘኋት። በሦስተኛው ቀን ደረጃው ግርጌ ነበረች። በአራተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። አንዲት ዓሣ የምትሸጥ ሴት ወደቡ ላይ የጀልባ ማሰሪያው ጫፍ ላይ አግኝታት ደወለችልኝ። ሮጬ ስደርስ ልጅቱ እግሮቿን ወደ ውሃው ሰድዳ ተቀምጣለች። ጫማዋ የለም። ካልሲዋ ግን ደረቅና ንጹሕ ነው፤ ያንን ሁሉ ጭቃማ መንገድ የረገጠ እግር አይመስልም።

«ካናሜ! ለምን ወደዚህ ሄድሽ? ለአያትሽ እንኳን ሳትነግሪ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ያጠፋ ልጅ መልክም የለውም። ትንሽ ስሕተቴን እንዳረመችልኝ ሁሉ ፈገግ አለች።

«አልሄድኩም ቲቸር። መጣሁ።»

ያን ዕለት ማታ የቤት ሥራ ደብተሮችን ሳርም የእሷ ላይ ደረስኩ። በ‹ካም›ና በ‹ጎ› አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ ብዬ ነበር። ዮሄይ አምስቱንም ስለ ምግብ ነው የጻፈው። የካናሜ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ እንዲህ ይል ነበር። ካናሜ ወደዚህ ትመጣለች። አያቷ ወደዚያ፣ ወደ ቤት ትሄዳለች። ትምህርት ቤቱ እዚያ ላይ ነው። ከዚህ ሲታይ ትንሽ ነው። ሁሉም አንድ ቀን ይመጣሉ።

ቀይ ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። አንድም ስሕተት የለበትም። ጻፊዋ ባሕሩ ውስጥ ቆማ ወደኛ የምታይ ከሆነ አንድም ስሕተት የለበትም። አምስቱንም ትክክል አልኩ።

እሑድ ጠዋት እማማ ታትሱ ቤት ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ዓሣ እየሰነጠቁ ጨው ይነሰንሱ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ምን አስተማርሻት?» አሉኝ ከሰላምታ በፊት።

«እንግሊዝኛ ነው እማማ። ሰው ሲጠራ እንዴት እንደሚመለስ…»

«እንዴት ነው የሚመለሰው?»

ነገርኳቸው። ቢላዋውን አስቀመጡት።

«ስሚኝ አንቺ ልጅ። ያደግሽው ባቡር ባለበት አገር ነው፤ ይኼን ያስተማረሽ ስለሌለ አልፈርድብሽም። ጉም ውስጥ ከባሕር በኩል ስትጠሪ ዝም አይባልም። ዝም ያልሽው እንደሆነ እየቀረበ ይጠራሻል። ‹እሄዳለሁ› ነው የምትዪው። ጠሪው ‹ወዳንተ እሄዳለሁ› ያልሽው ይመስለዋል። አንቺ ደግሞ ‹ወደ ቤቴ እሄዳለሁ› ማለትሽ ነው። ከዚያ ጀርባሽን ሰጥተሽ መንገድሽን ነው። የኛ ቃል ሁለት በር አለው። ባሌም፣ አባቴም፣ የዚህ መንደር ሰው ሁሉ በዚያ በኋለኛው በር ነው ሲያመልጥ የኖረው።»

«ካናሜ አሁን የምትለውስ?»

«ያንቺ ቃል አንድ በር ብቻ ነው ያለው። እሱም ወደ ጠሪው ነው የሚከፈተው።»

«እማማ፣ እርስዎም ይሰሙታል ማለት ነው?»

«ከየካቲት ጀምሮ።»

«ዳይጎ ነው?»

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ ቆይተው እንደገና ጠረጉ።

«ድምፁ የልጄ ነው። የሚጠራው ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ድምፅ እንደ ልብስ ነው፤ የሞተ ሰው ልብስ ደግሞ ማንም አንሥቶ ሊለብሰው ይችላል።» ዓይናቸው ጨው እንደገባበት ቀልቶ ነበር። «እኔ እናቱ ‹እማዬ› ባለኝ ቁጥር ‹እሄዳለሁ› ብዬ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ። ልብሱን የለበሰው ሌላ ቢሆን ጥሩ። እሱ ራሱ ቢሆንስ? ቀላል መሰለሽ?»

ስነሣ የተሰነጠቀ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። «ያሰርሽውን አንቺው ፍቺው፤» አሉኝ። «እኔ ያንን ቋንቋ አላውቀውም።»

ሰኞ ለርዕሰ መምህር ኩዋባራ ነገርኩት። ጡረታ ሊወጣ አንድ ዓመት የቀረው፣ በቅጽ ላይ የሰፈረን ነገር ብቻ የሚያምን ሰው ነው። አልሳቀብኝም። «መምህርት ሃታኖ፣» አለኝ፤ «ልጅቱ ሐዘን ላይ ነች። የተበላሸ ማጉያ ሲንኮሻኮሽ ሰምታ ይሆናል። ማጉያውን እናስዘጋው፤ ቀሪውን ጊዜ ይፈታዋል።» ስልክ ደወለ። ማክሰኞ አንድ ቴክኒሽያን ከከተማ መጥቶ ወደቡ ላይ ያለውን ምሰሶ ወጣ። የማጉያው ሆድ በጨው ተበልቶ በስብሷል አለ። ገመዱን ቆርጦ ጫፉን በፕላስተር ጠቀለለውና ሄደ። ዓይኔ እያየ ነው የቆረጠው።

እኔም በበኩሌ ያስተማርኩትን ልነቅል ተነሣሁ። ካናሜን ለብቻዋ አዳራሹ አስገብቼ ገመዱን በእግሮቿ ዙሪያ አከበብኩት።

«አሁን ጠሪዋ አንቺ ነሽ። ይኼ ‹እዚህ› ነው፤ አንቺ የቆምሽበት። ባሕሩ ‹እዚያ› ነው። ወደ ባሕሩ መሄድ ‹ጎ› ነው። በዪ፣ ደግመሽ በዪልኝ።»

በትሕትና ደገመችው። ከዚያ ገመዱን ዝቅ ብላ አየችና በሚያዝን ሰው ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ይኼ እኮ እርስዎ ያሉበት ነው፤» አለችኝ። «እኔ ያለሁበት አይደለም።»

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ነው። ጉሙ ያን ቀን እንደ ሌላው ጊዜ ተራምዶ አልመጣም፤ ምሳ በልተን ቀና ስንል መስኮቱ ነጭ ሆኖ አገኘነው። ከምሳ በኋላ ልጆቹ ክፍላቸውን ያጸዳሉ። ካናሜ ከዮሄይ ጋር ኮሪደሩን እንድትወለውል ነበር ተራው። ልቤ ስላልተረጋጋ በየአምስት ደቂቃው ብቅ እያልኩ አያት ነበር። በሦስተኛው ብቅ ስል ዮሄይ ብቻውን ቆሟል። ባልዲው አጠገብ የካናሜ መወልወያ ጨርቅ ተጨምቆ ተቀምጧል።

«የት አለች?»

ዮሄይ እጁን እያየ መለሰ። «እዚህ ነበረች። ‹አይም ካሚንግ› አለች። እጇን ያዝኳት ቲቸር፣ በእናቴ እምላለሁ ይዣት ነበር። ከዚያ የያዝኩት መወልወያው ሆኖ አገኘሁት።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ የአንዱ ጠባሳ አሁንም ጉልበቴ ላይ አለ። ወደቡ ላይ ከእጄ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም። ጀልባ እየጎተቱ የሚያወጡበት፣ ወደ ውሃው ተንሸራቶ የሚገባ የሲሚንቶ መውረጃ አለ። እዚያ ስደርስ ጉሙ ትንሽ ሳሳና አየኋት። ውሃው ወገቧ ላይ ደርሷል፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ነው፤ እጆቿ በጎኖቿ ዝቅ ብለዋል። ያኔ ነው እኔም ድምፁን የሰማሁት።

ከምሰሶው ነበር የሚመጣው። ገመዱ ከተቆረጠው ከዚያው ማጉያ። የወንድ ድምፅ ነው፣ የደከመው፣ የማይቆጣ። «ካናሜ፤» አለ። ቆየና «ነይ፤» አለ። ሰው ልጁን ለምሳ እንደሚጠራ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስፈራ ደግነት ሰምቼ አላውቅም።

«ካናሜ!» ብዬ ጮህኩ። «ነይ! ወደኔ ነይ!»

አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ወደ ባሕሩ።

«ነይ እኮ ነው የምልሽ!»

ሌላ እርምጃ። ውሃው ከወገቧ በላይ ወጣ። በእንግሊዝኛም ‹ካም!› አልኩ፤ እንደዚያው ተራመደች። ዘልዬ ልገባ ስል እርጥቡ ሲሚንቶ እግሬን አንሸራትቶኝ በጀርባዬ ወደቅኩ። እንደተጋደምኩ ነው የገባኝ። ‹ነይ› ባልኩ ቁጥር ከጠሪው ጋር አብሬ ነበር የምጠራት። ለእሷ መምጣት ማለት ወደዚያ ነው። እኔ ‹እዚያ› ነበርኩ፤ መንደሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ አያቷ ሁላችንም ‹እዚያ› ነበርን። ደብተሯ ላይ አንድ በአንድ ጽፋልኝ ነበር።

አሥር ዓመት የሆናት ልጅ ባሕር ውስጥ ቆማ እያዩ ‹ሂጂ› ብሎ መጮህ ምን እንደሚመስል ልጅ ያሳደገ ሰው ይፍረድልኝ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በሦስተኛው፣

«ጎ!» ብዬ ጮህኩ። «ካናሜ፣ ጎ! ጎ ሆም!»

ቆመች።

«ጎ!» አልኩ እንደገና፤ እያለቀስኩ ነበር።

እሷም ሳትዞር፣ ራሷን ትንሽ ዘንበል አድርጋ፣ ፈቃድ የምትጠይቅ መሰለች። ከዚያ ከማጉያው ሳይሆን ከውሃው ላይ፣ ዝቅ ብሎ፣ እየተንተባተበ፣ ያ የወንድ ድምፅ «ጎ፤» አለ።

የገደል ማሚቶ ነው እንዳልል ከፊታችን ግንብም ተራራም አልነበረም፤ ክፍት ባሕር ነው። ካናሜ ዞረች። ቀስ ብላ፣ እንደማንኛውም ከትምህርት ቤት እንደሚመለስ ልጅ፣ መውረጃውን እየወጣች መጣች። ወይም ሄደች፤ የቱን ልበል? አጠገቤ ስትደርስ እላዬ ላይ ወደቀች። ሰውነቷ በረዶ ነበር። ከጎኔ ውሃ ሲረጭ ሰምቼ ስዞር እማማ ታትሱ ጫማቸውን እንዳደረጉ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ አላየሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ወደ ባሕሩ ነበር።

«ዳይጎ፣» አሉ። «ሰምቼሃለሁ።»

ሌላ ምንም አላሉም። ተመልሰው ወጡና የልጅቱን እግር በሽርጣቸው ጠቅልለው ያሹ ጀመር፤ እያሹም ይሰድቧት ነበር። «አንቺ ደንቆሮ! አንቺ እግረ ቀላል! ሹራብሽን በስንት መከራ ነው የሠራሁት!»

ካናሜ ሁለት ቀን ትኩሳት ነበራት፤ በሦስተኛው ቀን የሩዝ አጥሚት ጠጥታ ተነሣች። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡ ላይ «ተማሪዋ አዳልጧት ውሃ ውስጥ ወደቀች» ብሎ ጻፈ። እኔም ፈረምኩ። ሌላ ምን ብለን እንጽፍ ነበር? ከዚያ ወዲያ በስምንት ሰዓት የተነሣችበት ቀን የለም። እንግሊዝኛ ስናጠና እነዚያን ሁለት ቃላት ስጠይቅ እሷን እዘላት ነበር፤ እሷም ለምን እንደሆነ ይገባት ነበር። ዮሄይ ለሳምንታት ከጎኗ አልተለየም። ምሳው ላይ የሚወደውን ቁራጭ ዶሮ ሳይቀር ያካፍላት ነበር፤ ይህ ለዮሄይ ምን ማለት እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል።

እማማ ታትሱ በሳምንቱ ቤቴ መጡ። ዓሣ ይዘዋል።

«ላመሰግንሽ አይደለም የመጣሁት፤» አሉ ቁጭ ሳይሉ። «ያሰርሽውን ፈታሽ፤ በቃ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ያን ዕለት የሚጠራው ማን እንደሆነ አላውቅም ብዬሽ ነበር። አሁንም አላውቅም። መጨረሻ ላይ ‹ጎ› ያለው ግን ልጄ ነው። እሱ ራሱ።»

«በምን አወቁ እማማ?»

«ሕፃን ሳለም የማያውቀውን ቃል ድገም ሲሉት ያፍር ነበር። የመጀመሪያዋ ፊደል ላይ ይንተባተባል። ድምፅ ይሰረቃል፤ ኀፍረት ግን አይሰረቅም።» በሩ ላይ ቆመው ጫማቸውን ሲያደርጉ ትንሽ ቆዩ። «ልጄ ልጁን አልፈለጋትም ማለት ነው። ወደ እሱ እንድትመጣ አልፈለገም። ይኼ ይበቃኛል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖሩ። አልጋቸው ላይ፣ በጥር፣ በጠራ ቀን ሞቱ። እኔ ያኔ ተዛውሬ ነበር። ትምህርት ቤቱም ተማሪ አልቆበት ተዘጋ።

ካናሜን እንደገና ያገኘኋት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው፤ በአንድ የአውቶቡስ ጣቢያ፣ በአጋጣሚ። ረዝማለች። የአሳንሰር ጥገና እየተማረች እንደሆነ ነገረችኝ፤ እጆቿ ላይ የግራሶ ጥቁረት ነበር። ከጣቢያው የመጠጥ መሸጫ ማሽን ሁለት ትኩስ የበቆሎ ሾርባ በቆርቆሮ ገዛችና አንዱን ሰጠችኝ። ስለ ዮሄይ አወራን፤ ምግብ አብሳይ ሆኗል፤ ሁለታችንም አልገረመንም። አውቶቡሷ ሊመጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ድፍረት አገኘሁ።

«ያን ቀን አባትሽን አየሽው?»

ቆርቆሮውን በሁለት እጇ አቅፋ ያዘችው።

«አላየሁትም። ማንም አልነበረም ቲቸር። ድምፁ የሚመጣበት ቦታ ላይ ሰው አልነበረም፤ ቦታ ብቻ ነበር። እርስዎ እንዳሉኝ ግን ከዚያ ሆኜ አየሁ። መንደሩን አየሁት። እርስዎን መውረጃው ላይ ወድቀው አየሁዎት። ራሴንም አየሁ፣ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ። ፊቴ ወደ እኔ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹ጎ› ተባለ። ያቺ ልጅ ጀርባዋን ሰጠችኝና ሄደች። ስትሄድ አየኋት። እርስዎ ላይ ስትወድቅ አየኋት። አያቴ እግሯን ሲያሹላት…» ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። ፈገግ አለች፤ የድሮዋ የካናሜ ፈገግታ ነበር፣ የሚያረጋጋ። «ከዚያ ትኩሳት ነው። የትኩሳት ሕልም ይሆናል።»

አውቶቡሱ መጣ። ሻንጣዋን አነሣች። ስንሰነባበት እጇን ጨበጥኩት፤ ሙቀቱን ልሰማ ብዬ መጨበጥ ከሚገባኝ ጊዜ በላይ ያዝኩት። ምን እንደፈለግኩ ገብቷት ሳትጎትተው ቆየች። እጇ ሞቃት ነበር። ከሾርባው ይሁን ከእሷ፣ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም።